ሽማግሌ የላክሁት እኔ፣ ማስጠንቀቂያ የደረሳት እሷ

ለተከበሩት፣ ለተፈሩት፣ ከሩቅ ብቅ ሲሉ መንገደኛው ሁሉ የሸሚዙን ቁልፍ ለሚቆልፍላቸው፣ የመኮንኖች አስተዳደር ኃላፊ ለሆኑት ለክቡር ኮሎኔል፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ያ በስብሰባ ብዛት ያስቸግራቸዋል ሲባል የሰማሁት አንገትዎ፣ ሁሉም በየቦታው ደህና ነው ወይ? ቤተሰብዎስ? ሹፌርዎስ? ያ የማይከፈተው የቢሮዎ በርስ እንዴት ነው? እኔ ከእርስዎ ማስጠንቀቂያ በቀር እግዜር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።

ይህንን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ልዳፈርዎ ብዬ አይደለም። መጀመሪያ እንደ ሰው አሽጌ፣ በምራቄ ለጥፌ ነበር የላክሁት፤ "የመዝገብ ቁጥር የለውም" ተብሎ ሳይከፈት ተመለሰልኝ። እኔም ቁጭ ብዬ አሰብኩና፣ ክፍቱን ብልከው ለመክፈት የሚቸገር ሰው አይኖርም ብዬ ሱቄ በር ላይ ለጠፍኩት፣ ለጋዜጣም ሰጠሁት። እስካሁን የሰፈሩ ሰው በሙሉ አንብቦታል፤ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ማን ነህ ቢሉኝ፣ በመዝገብ ስሜ ቢፈልጉኝ አያገኙኝም፤ "ክሪክ" ብለው ቢጠይቁ ግን ከከባድ መኪና ማቆሚያው እስከ ገበያው ድረስ ያለ ሰው ሁሉ እጅዎን ይዞ ያመጣዎታል። ጎሚስታ ነኝ። ክሪክ ያሉኝ፣ የመኪና ማንሻው ተንሸራቶ ፒክአፕ ሊወድቅ ሲል በትከሻዬ ስለያዝኩት ነው፤ አይቻለሁ የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ያላየውም አይቻለሁ ይላል፣ እኔም አልከራከርም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ እኔና ትምህርት ቤቱ ተነጋግረን፣ ተስማምተን፣ ያለ ጸብ ነው የተለያየነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ፊደል ቢጎድል፣ እርስዎ ዘንድ የተረፈ ፊደል አይጠፋምና ይሙሉበት።

ጉዳዬ አንድ ነው። በእርስዎ ፊርማ ለአንዲት ምክትል መቶ አለቃ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ይነሳላት። ማስጠንቀቂያው "የዕዝ ሰንሰለት በመጣስ ሽማግሌዎችን ወደ ጠቅላይ መምሪያ ልካለች" ይላል። አልላከችም። የላክሁት እኔ ነኝ። እሷ ያን ቀን ከዚህ ርቃ፣ ነፋስና አቧራ ከሚውልበት ጠረፍ ላይ፣ ወታደሮቿን ጉድጓድ ታስቆፍር ነበር። ወረቀቱ ካልተነሳ ደግሞ በደንባችሁ መሠረት የግዴታ አገልግሎቷን ጨርሳ እስክትወጣ ድረስ የጋብቻ ፈቃድ መጠየቅ አትችልም፤ የምታገባው ደግሞ እኔን ነው። ስለዚህ "አንተ ምን አገባህ" እንዳይሉኝ።

ጉዳዩ እዚህ እንዴት እንደደረሰ ከነቅሬታዬና ከነምስጋናዬ በተራ እዘረዝርልዎታለሁ።

አንደኛ። እኔና ምክትል መቶ አለቃዋ ያደግነው በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ነው፤ እሷ ወዲያ ስታጠና እኔ ወዲህ ስዘፍን፣ እሷ ግድግዳውን ስትደበድብ እኔ ስጨምር። ወደ አካዳሚው ስትገባ እኔ ነኝ ሻንጣዋን በአንድ ጣት የተሸከምኩት። የተመረቀች ቀንም ሜዳው ላይ ነበርኩ፤ ያ ሁሉ ዕጩ መኮንን እንደ አንድ ሰው እግሩን ሲያነሳ፣ እሷም መካከላቸው አገጯን ቀና አድርጋ ስታልፍ ሳይ፣ በኩራት የጮኽኩት ጩኸት የሙዚቃ ጓዱን ምት እንዳሳተው የሰማ ሁሉ ይመሰክራል። እኔ የማውቀው ትምህርት የጨረሰ ሰው ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ነው። የእናንተው ለካ ሌላ ነው፤ ሌላው ተመርቆ ይወጣል፣ የእናንተው ተመርቆ ይገባል። ሰባት ዓመት የግዴታ አገልግሎት! በዚህ እንኳን ቅር አላለኝም፤ "መንግሥት አብልቶ አልብሶ ካስተማረ በኋላ ደህና ሁኚ ብሎ አይሸኝም" አለችኝ፣ እውነቷን ነው። እኔንም ሙያ ያስተማረኝ ጌታዬ እጄ እንደተፍታታ ወዲያው አልለቀቀኝም፣ አገልግዬዋለሁ። ልዩነቱ፣ ጌታዬ ጎማ አጣብቅ ይለኝ ነበር እንጂ ማንን እንደማገባ አይወስንልኝም ነበር። በዚያ ቀን ያ ሁሉ ንግግር ሲደረግ፣ ስለ ክብር ሲነገር፣ ስለ ግዴታ ሲነገር፣ ስለ ድምፅ ማጉያው መበላሸት እንኳን ይቅርታ ሲጠየቅ፣ "ከተመልካቹ መካከል ቀለበት ኪሱ ውስጥ ጨብጦ የቆመ ሰው ካለ፣ ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ አነጋግረን" ያለ አንድ መኮንን አልነበረም። ንግግሩ ግን ረጅም ነበር፤ ስለ ርዝመቱ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። እንደ ጨዋ ልጅ ሽማግሌ ወደ እናቷ ላክሁ። ሦስት ናቸው፤ አንደኛው አጎቴ ነው፣ የጡረታ ሹፌር። ሁለተኛው ምላጭ የምንለው የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ነው፤ አንደበቱ ከምላጩ ይስላል። ሦስተኛው ጋሽ ጭጭ ናቸው፤ ለምን እንደዚያ እንደተባሉ ጠይቀናቸው እስካሁን አልመለሱልንም። እናቷ በክብር ተቀብለው፣ ጥሩ አድርገው አስተናግደው፣ "ልጄ እኮ አሁን የእኔ አይደለችም። ፈርማለች። የሚያለብሳት ሠራዊቱ፣ የሚያዛት ሠራዊቱ፤ የሚሰጣትም የሚነፍጋትም እሱ ነው እንግዲህ" አሏቸው። ምላጭ ሲወጣ ጎትቶ ያዘኝና፣ "አንተ፣ ገብቶሃል? ሴትየዋ በጨዋ ደንብ ከቤት አስወጣችን" አለኝ። አጎቴም "እምቢ ማለት ነው ልጄ፣ በርታ" አለኝ። እኔ ግን ክቡርነትዎ፣ ሰው ሲናገር የተናገረውን ነው የምሰማው። ሴትየዋ የሰጡን አድራሻ ነው። ልጅቷ የሠራዊቱ ከሆነች፣ ሠራዊቱ ይጠየቃ! በነጋታው አጎቴን ኮት አስለብሼ፣ ምላጭን አፉን እንዲይዝ አስምዬ፣ ጋሽ ጭጭን ከመሐል አድርጌ ወደ እናንተ በር ላክኋቸው።

ሦስተኛ። ለሽማግሌዎቼ የተደረገው አቀባበል ወደር የለውም። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ "የመጣችሁበት ጉዳይ?" አላቸው። አጎቴ "ለጋብቻ ነው" አለ። "ከማን ጋር?" "ከሠራዊቱ ጋር።" ጠባቂው አንድ በአንድ አያቸውና "ሦስታችሁም?" አለ።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበልዎት፣ የመሥሪያ ቤታችሁን ቅልጥፍና በዓይናቸው አይተዋል። ሽበት የታየበት ሰው ሁሉ ወደ ጡረታ መስኮት ይሂድ ተብሎ ወደዚያ ተመሩ፤ እዚያ ያለችው ልጅ ፋይላቸውን ፈልጋ ስታጣ፣ ራሷ አዝና "አይዟችሁ አባቶቼ፣ ይገኛል" ብላ አጽናናቻቸው። ቀጥሎ የተሳሳተ ሰልፍ ውስጥ ገብተው ወደ ክሊኒኩ ደረሱ። ጋሽ ጭጭ መቼም አይናገሩም፤ ጫማ አውልቁ ሲሏቸው አወለቁ፣ ቁመታቸው ተለካ፣ ሚዛን ላይ ወጡ፣ አፋቸውን ከፍተው ጥርሳቸው ታየ። ለቅጥር ብቁ ናቸው ከመባላቸው በፊት አጎቴ ባይደርስላቸው ኖሮ ዛሬ ልቀቁኝ ብለው የሚጽፉልዎ እሳቸው ነበሩ። ለነፃው ምርመራ እናመሰግናለን፤ ክብደታቸው ጥሩ ነው ተብሏል።

በመጨረሻ እርስዎ ዘንድ ገቡ። እውነቱን ልናገር፣ ወንበር ሰጥተዋቸዋል። ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሰምተዋቸዋል። አዲስ ተመራቂ ያለ ፈቃድ እንደማያገባም በትሕትና አስረድተዋቸዋል። እስከዚህ ድረስ አባት ነበሩ። ቀጥለው "ለመሆኑ የልጁ ማዕረግ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ። አጎቴ ኮቱን አስተካክሎ "ጎሚስታ ነው" አለ። እርስዎም ፈገግ አሉ። ያንን ፈገግታ ምላጭ እስከ ዛሬ ድረስ ለደንበኛ ሁሉ በመስታወት ፊት እያሳየ ነው፤ ከግራ ጉንጭ ይጀምርና ቀኝ ጉንጭ ሳይደርስ ይመለሳል ይላል።

ክቡርነትዎ፣ እኔ ፈገግታዎን ከዚያ በፊትም አውቀዋለሁ። ባለፈው ክረምት መኪናዎ ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ጎማዋ ፈንድቶ ቆማ ነበር። ሹፌርዎ ሮጦ መጥቶ ጠራኝ። ዝናብ ነበርና እርስዎ አልወረዱም፤ "ይውረዱ ልበላቸው?" ሲለኝ "ተዋቸው፣ ጋዜጣቸውን ያንብቡ" ብዬ፣ ከነመኪናው ከነጋዜጣዎ ነው ያነሳሁዎት። ቀና ብለው በመስኮቱ ፈገግ አሉልኝ፤ ያን ጊዜ ግን ሁለቱንም ጉንጭ ነበር። ስለዚህ ማዕረጌን ለጠየቁት፣ ማዕረጌ ኮሎኔል የሚያነሳ ነው። ከዚያ በላይ ካላችሁ አምጡና እንየው።

አራተኛ። ስለ ፍጥነታችሁ። ምክትል መቶ አለቃዋ ለወታደሮቿ ብርድ ልብስ ይላክልኝ ብላ ከጻፈች አንድ ክረምት ገብቶ ወጥቷል፤ መልሱ "በሂደት ላይ ነው" የሚል ነበር። ማስጠንቀቂያው ግን ሽማግሌዎቼ ታክሲ አግኝተው ቤታቸው ሳይገቡ ጠረፍ ደርሷል። ምን ዓይነት መንገድ እንደሄደ ባውቅ ብርድ ልብሱንም በዚያው መንገድ ላኩላት እል ነበር። ወይም ሌላ ዘዴ አለኝ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ማስጠንቀቂያ ስትጽፉላት በብርድ ልብስ ላይ ጻፉት።

አምስተኛ። ይህኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የከበደኝ እሱ ስለሆነ መስማት አለብዎት። እሷ ባለችበት ቦታ ስልክ የሚሠራው የውሃ ታንከሩ አናት ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። ወጣች። ደወለች። "አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ? ለማን ነው ሽማግሌ የላክኸው?" አለችኝ። "ለአለቃሽ ነዋ" አልኳት። "ለየቱ አለቃዬ? ለአለቃዬ አለቃ አለቃ!" "ታዲያ ላንቺ ትንሹን ልምረጥልሽ?" አልኳት፤ የምትኮራብኝ መስሎኝ። "ስማ፣ ከትናንት ጀምሮ ሰልፍ ላይ ስቆም ወታደሮቼ በአፍንጫቸው የሠርግ ዘፈን ያዜማሉ! ማነው ብዬ ስዞር ሁሉም ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ያያል!" አለችኝ። መሳቅ አማረኝ፤ ስስቅ ሰማችኝ፤ ያን ጊዜ ድምጿ ዝቅ አለ። ድምጿ ሲጮህ አልፈራም፣ ዝቅ ሲል ነው የምፈራው። "እናቴን ጠየቃችሁ፣ ኮሎኔሉን ጠየቃችሁ፣ የበር ጠባቂውን እንኳን ሳትጠይቁ አልቀራችሁም። እኔን ማን ጠየቀኝ?"

ክቡርነትዎ፣ እኔ በአፍ ተረትቼ የማውቅ ሰው አይደለሁም፤ የከባድ መኪና ሹፌሮች አምስት ሆነው ገጥመውኝ አፋቸውን ዘግተው ሄደዋል። ያን ቀን ግን "እውነትሽን ነው" ብዬ ተረታሁ። እውነት ለመናገር ማናችንም አልጠየቅናትም፤ እናቷም፣ እኔም፣ ሽማግሌዎቹም፣ እርስዎም። እናንተ ፈርማለች አላችሁ፣ እኔ የኔ ናት አልኩ፤ ልጅቷ መሐል ላይ ቆማ ደብዳቤ ደረሳት።

ቀጥዬም "እሺ፣ እንግዲህ አሁን ልጠይቅሽ" አልኳት። "ታንከር ላይ ሆኜ?" "እኔ አላወጣሁሽም።" ሳቀች፣ እግዜር ይስጣት። ከዚያም እንዲህ አለችኝ፤ ለእርስዎም ይጠቅማልና ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ "ሰባቱን ዓመት ወድጄ ነው የፈረምኩት። ማንም እንዲያስቀንስልኝ አልፈልግም፤ አንተም ለምነህ እንዳታሳፍረኝ። እነዚህን ልጆች ጥዬ የትም አልሄድም። አንተ ደግሞ ጎማ የሌለበት አገር የለም፣ ከመጣህ ና። ግን መጀመሪያ ያስመጣህብኝን ወረቀት አስነሳ፤ አለበለዚያ ሰባት ዓመት ሙሉ የምታገኘኝ እዚሁ ታንከር ላይ ነው።" ይህን ስትል ከታች ወታደሮቿ አጨበጨቡ። ሁሉም ይሰሙ ኖሯል።

ስለዚህ ልብ ይበሉልኝ፣ ልቀቁልኝ አላልኩም። አገልግሎቷ ይቀነስ አላልኩም፤ ወደ ከተማ ትዛወር፣ ቢሮ ውስጥ ትቀመጥ አላልኩም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በየቀኑ እንደሚደርስዎ አውቃለሁ፣ የሚጽፉትም ከእኔ የበለጠ የተማሩ ናቸው። እኔ ያልኩት እሷ ግዴታዋን ትወጣ፣ እኔም የኔን ልወጣ ነው። የጦር ሰፈሩ በር አካባቢ ጎሚስታ እንደሌለ አጣርቻለሁ፤ ኮምፕሬሰሬን ጭኜ፣ ሱቄን ነቅዬ እሄዳለሁ። በዚያ ድንጋያማ መንገድ የእናንተ መኪኖች ጎማ ስንት ቀን እንደሚቆይ ሹፌሮቻችሁን ይጠይቁ። በሌላ አነጋገር ሠራዊቱ አንድ መኮንን ቀጥሮ አንድ ጎሚስታ በምርቃት አገኘ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ገበያ ካሁን በፊት ከገጠማችሁ ይንገሩኝ።

እናቷም ነገሩን ሰምተዋል። ልጃቸው በእሳቸው ቃል የተነሳ እንደተቀጣች ሲሰሙ፣ ቤቴ ድረስ መጥተው "እኔ እኮ ያንን ያልኩት ለጨዋነት ነው! ሰው ሲናገር ሁሉ ይታመናል እንዴ?" ብለው ተቆጡኝ። ቀጥለው እርስዎን ተቆጡ፤ እርስዎ ስላልነበሩ እሱንም እኔው ተቀበልኩልዎ። "የእናንተ ናት ብዬ አደራ ብሰጥ፣ አደራ በልተው ወረቀት ይልኩባታል? የወለድኳት እኔ ነኝ፤ እኔ ሰጥቻለሁ!" አሉ። ስለዚህ አንደኛው ፈቃድ ተገኝቷል። የእሷም ተገኝቷል። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው፤ ያውም አዲስ ፊርማ ሳይሆን የድሮውን መሰረዝ፣ አንድ ጊዜ እስክሪብቶ ማስኬድ። እንደ ከባድ ነገር እንዳያዩት፤ ከጠቅላላው ሥራዎ ሁሉ ይሄ ቀላሉ፣ ሰው የሚያስደስተውም ይሄ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ካነሱላት፣ ሠርጉ ላይ የክብር ቦታ ይጠብቅዎታል፤ ከአጎቴ ቀጥሎ፣ ከጋሽ ጭጭ ጎን፣ ማንም በወሬ የማያሰለችዎት ቦታ። ካላነሱላት ደግሞ ምንም አላደርግዎትም። ጎማዎ ሲፈነዳም መጥቼ አነሳዎታለሁ፤ ሥራዬ ነው። ያን ጊዜ ግን ይወርዳሉ።

የሠራዊቱ አማች ለመሆን በር ላይ ቆሜ የምጠብቅ፤ ማስጠንቀቂያ ያልተጻፈብኝ ግን የሚገባኝ፤ ከእርስዎ ደረጃ በታች፣ ከእርስዎ መኪና ግን በላይ የሆንኩ፤ በጤናዎ፣ በዕድሜዎ፣ በእስክሪብቶዎ ላይ መልካሙን ሁሉ የምመኝ፤

ክሪክ፣ ጎሚስታው

ማስታወሻ፤ ማስጠንቀቂያው መጨረሻ ላይ "ወደፊት ማንኛውም ጉዳይ የዕዝ ሰንሰለትን ጠብቆ ይቅረብ" ይላል። ትምህርቱ ገብቶናል፣ እናመሰግናለን። ስለዚህ የእርስዎን ጉዳይ ለማቅረብ ከእርስዎ በላይ ማን እንዳለ አጠያየቅን፤ ምላጭ የማያውቀው ቤት የለምና፣ እናትዎ በሕይወት እንዳሉ ነገረን፣ ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ይህችን ግን አስቀድሜ ምክትል መቶ አለቃዋን ጠይቄያታለሁ፤ ታንከሩ ላይ ሆና ደንቡን በቃሏ አገላብጣ "እናት ወታደራዊ ጉዳይ አይደለችም፣ ሂዱ" ብላለች። ባለፈው እሁድ ሦስቱ ሽማግሌዎቼ በእሷ እናት፣ በአማቴ መሪነት እናትዎ ቤት ሄደዋል። ማንም አልፈተሻቸውም፣ ማንም አልመዘናቸውም። እናትዎም እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ "ልጄ የሰው ልጅ ሠርግ ከለከለ?" ብለው፣ እርስዎ በሚቀጥለው እሁድ ለምሳ ሲመጡ ያንን ወረቀት ሰርዘው እንዲመጡ፣ ካልሰረዙት ግን እንዳይደክሙ አዝዘዋል። እናት በደንባችሁ ከኮሎኔል በላይ ናት ወይስ በታች የሚለውን ፈልገን አላገኘነውም። እርስዎ ካገኙት ለእኛ መጻፍ አያስፈልግዎትም፤ ለእሳቸው ይንገሯቸው።